ሃቹ ሦስት ቦታ ላይ እምቢ አለኝ፤ ፕላኑ ነገ ጠዋት ይገባል

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቢሮ አውቶካድ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም የምሠራ ድራፍትማን (የቤት ፕላን ሣይ) ነኝ። በእጄ ያለው የአንድ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤት ፕላን ነገ ጠዋት ለግንባታ ፈቃድ ይገባል፤ አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ነው። የቀያሹ ፋይል በሜትር ስለመጣ በ1000 አብዝቼ አስገብቼዋለሁ። ቤቱ፣ ደረጃው፣ መስኮቱ ሁሉ አልቋል። የቀረኝ ሃች (የተዘጋ ቦታን በመስመርና በነጥብ ንድፍ መሙላት) ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት ቦታ ላይ አስቸግሮኛል።

አንደኛው ሴክሽኑ (ቤቱን ቆርጦ የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ነው። መሠረቱንና ቢሙን ኤአር-ኮንክ በሚባለው የኮንክሪት ንድፍ ስሞላቸው ጠጠርና አሸዋ መምሰሉ ቀርቶ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ሁለተኛው ሳይት ፕላኑ (የግቢው ፕላን) ላይ የአትክልቱ ቦታ ነው። ውስጡን ስጫን የተዘጋ ወሰን የለም ይለኛል፤ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አቅርቤ አየኋቸው፣ ሁሉም ገጥመዋል። ሦስተኛው የመኪና ማቆሚያው ነው። እሱስ ሃቹን ተቀብሏል፤ ግን የንጣፉ መስመሮች የተሰባበሩ ናቸው፣ ሳቀርብና ሳርቅ ደግሞ ቦታ ይቀይራሉ። ያለፈበት ሰው ካለ ይርዳኝ።

ተጨማሪ፦ ውይይቱ ስለረዘመ ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀልለት መልሶቹን በተራቸው ከዚህ በታች ተርኬያቸዋለሁ። የራሴን አስተያየት መጨመሬን አልደብቅም።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ሰላምታ አቅርቦ፣ የትኛውን እትም እንደምጠቀም ጠየቀና ፋይሉን ኦዲት በሚባለው ትእዛዝ እንድፈትሸው መከረኝ። ፈተሽኩት፤ ጥቂት ስህተቶች አግኝቶ አረመ። ሃቹ ግን እንደነበረ ነው። የመጀመሪያ ምክር ሆኖ ግን አይጣልም፤ አንዳንዴ እሱ ብቻ የሚያድነው ፋይል አለ።

መልስ 2 ስለ አትክልቱ ቦታ ነው። ኤችፒጋፕቶል የሚባለውን ተለዋዋጭ ከ0 ወደ 10 ቀይሬ እንደገና እንድሞክር ነገረኝ። ይህ ቁጥር ፕሮግራሙ እስከ ስንት የሚደርስ ክፍተትን እንዳላየ ሆኖ ማለፍ እንዳለበት የሚወስን ነው።

መልስ 3 ወዲያው አረመው። 10 የሚለው ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም አለ፤ መለኪያው የሥዕሉ አሃድ ነው። በሚሊ ሜትር ለሚሠራ ሰው 10 አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፣ በሜትር ለሚሠራ ግን ዐሥር ሜትር ይሆናል፤ በር ቀርቶ አጥርም አያስቀርም። እሱ ራሱ በሜትር በተሠራ ሥዕል ላይ ይህንኑ ምክር ከሌላ ሰው ሰምቶ ሲተገብር ሳሎኑና በረንዳው አንድ ላይ በሴራሚክ ተሞልተው አገኛቸው። ከዚያም ክፍተትን እንዳላየ ማለፍ ለአንድ ምሽት ያገለግል እንደሆነ እንጂ ክፍተቱን አይደፍነውም፤ መስመሮቹን በጆይን ወይም በፊሌት ማገናኘት፣ ቁጥሩንም ወደ 0 መመለስ ይሻላል ብሎ ጨረሰ። ይኼን ሰው ወደድኩት።

መልስ 4 የመልስ 2 ጸሐፊ ተመልሶ ነው፤ ትንሽ ተቆጥቷል። ሰውየው ነገ ጠዋት አስገባለሁ ሲል እናንተ ትምህርት ቤት ትከፍታላችሁ የሚል መንፈስ ነበረው። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። 10 አድርጌ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። 100 አደረግሁ፤ አሁንም እምቢ። እንግዲህ ነገሩ የክፍተት አይደለም ማለት ነው።

መልስ 5 ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። እሱ ኤአር-ኮንክን ሁልጊዜ በስኬል (ንድፉ በሚሰፋበት ቁጥር) 1 እንደሚጠቀም፣ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠቆረበት ጻፈ። ስኬሉን የነካካሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን በዚህኛው ሥዕል ከ1 ንቅንቅ አላልኩም።

መልስ 6 አንዲት አርክቴክት ናት፤ የመጀመሪያውን ችግሬን የፈታችው እሷ ናት። ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ልክ ነው፣ ምክንያቱም የሚሠራው በኢንች ነው አለች። ፕሮግራሙ የሃች ንድፎቹን በሁለት ፋይል ነው የሚያስቀምጠው፤ አካድ የሚባለው ለኢንች፣ አካዲሶ የሚባለው ለሚሊ ሜትር። ንድፎቹ ስማቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው 25.4 እጥፍ ነው። አንሲ31 የሚባለውን ንድፍ ወስዳ አሳየች፤ በአንደኛው ፋይል በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.125 ሲሆን በሌላው 3.175 ነው። ከየትኛው ፋይል እንደሚነበብ የሚወስነው ሜዠርመንት የሚባል ተለዋዋጭ ነው፤ 0 ከሆነ ከኢንቹ፣ 1 ከሆነ ከሚሊ ሜትሩ። የሚሊ ሜትር ሥዕል ውስጥ የኢንቹ ኮንክሪት ሲገባ እያንዳንዷ ጠጠር 25 ጊዜ ታንሳለች። እንግዲህ ቢጠቁር ምን ይገርማል?

መልስ 7 የእኔ ነው። ሜዠርመንት ብዬ ስጽፍ 0 ነው አለኝ። ቴምፕሌቱን (ሥዕል የምጀምርበትን ባዶ ፋይል) ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሥዕል በእሱ ላይ ሠርቻለሁ! ስኬሉን እየገመትኩ 20፣ 30 እያልኩ አልፍ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። 1 አደረግሁት፤ የጠቆረው ሃች ግን አልተለወጠም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ኋላ እንደገባኝ አንዴ የተሣለ ሃች ንድፉን ይዞ ነው የሚኖረው፤ ለውጡ የሚሠራው ለአዲሱ ብቻ ነው። አጥፍቼ እንደገና ሞላሁ። ጠጠሩ ጠጠር መሰለ።

መልስ 8 መጥቆር ሌላም ምክንያት እንዳለው አከለ። የአንድ ሃች መስመሮች ብዛት ገደብ አለው፤ ኤችፒማክስላይንስ ይባላል፣ ሳይነካ ሲቀር 1,000,000 ነው። ሰፊ ቦታን በጣም ደቃቅ በሆነ ንድፍ የሞላ ሰው ገደቡን ሲያልፍ ሙሉ ጥቁር ሙሌት ያያል። ገደቡን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ እሱ ግን መጀመሪያ ስኬሉን ማየት እንደሚሻል ተናገረ። ትክክል ነው፤ ሚሊዮን መስመር የሚፈልግ የሣር ሜዳ አላውቅም።

መልስ 9 የእኔን ችግር አይመለከትም፤ ግን ስላሳቀኝ አልፌው አልሄድም። አዳማ ያለ አንድ ልጅ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሃች በሙሉ በድንገት ጠፋበት። ሃች ይሥላል፣ ትእዛዙ ያልቃል፣ ምንም አይታይም። ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና ጫነ። ኮምፒውተሩን ጥገና ወሰደ፤ ጠጋኙም ገንዘብ ተቀበለው። ለካ ሙሌት እንዲታይ ወይም እንዳይታይ የሚያደርገው ፊልሞድ 0 ሆኖ ኖሯል። 1 አድርጎ ሪጀን (ሥዕሉን የሚያድስ ትእዛዝ) ሲል ሥዕሉን አርባ ጊዜ በተደራረበ ሃች ተሞልቶ አገኘው።

መልስ 10 እዚህ ላይ ነገሩ መንገዱን ሳተ፤ እኔ ግን አልተቆጣሁም። የጻፉት በዕድሜ የገፉ አርክቴክት ናቸው፤ ልጆቹ ወዲያው ጋሼ ይሏቸው ጀመር። የተማሩት ልደታ በሚገኘው በሕንፃ ኮሌጅ ነው፤ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ማለት ነው። በእነሱ ጊዜ ሃች ማለት እጅ ነበር። ትሬሲንግ ወረቀት ይወጠራል፣ በራፒዶግራፍ ብዕር አንድ መስመር ይሰመራል፣ ሴትስኩዌሩ በዓይን ግምት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይንሸራተታል፣ ሌላ መስመር ይሰመራል። አንድ ግድግዳ ለመሙላት ግማሽ ቀን። ቀለሙ ከፈሰሰ በምላጭ ጫፍ ወረቀቱን በስሱ መፋቅ ነው፤ ከጠነከረ ይቀደዳል፣ ከላላ ደግሞ ጥቁሩ ይቀራል። ኮንክሪት ሲሆን ሦስት ማዕዘኖቹንና ነጥቦቹን አንድ በአንድ በእጅ መጣል ነበረባቸው። መምህራቸው ነጥቦቹ በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ጠጠር ሳይሆን ወታደር ነው ብሎ ሥዕሉን ይመልስባቸው እንደነበር ጽፈዋል። ጋሼ ያን ሲጽፉ እጃቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

ከ11 እስከ 13 ያሉት በዚሁ የተነሣ ተጣሉ። አንዱ የዛሬ ልጅ የሃችን ትርጉም አያውቅም፣ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ ይመርጣል አለ፤ ማስረጃውም ጣሪያ ላይ የአፈር ሃች ያየበት የተማሪ ሥዕል ነው። ሌላው ተማሪ መሆኑን ገልጦ ያ ጣሪያ ሣር የተተከለበት እንደነበረና ሥዕሉ የእሱ እንደሆነ መለሰ። ሦስተኛው የሣቅ ምልክት ብቻ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ጣሪያ አላነሣም።

መልስ 14 ከባሕር ዳር የሆነ ቀያሽ ነው፤ ወደ ጉዳዩ የመለሰን እሱ ነው። ብዙ አላወራም። የአትክልቱን ቦታ ወሰን መስመሮች አንድ በአንድ መርጬ፣ ፕሮፐርቲስን ከፍቼ፣ የመነሻና የመድረሻ ዜድ የሚለውን እንዳነብለት ብቻ ጠየቀ።

መልስ 15 ያነበብኩት ነው። የመጀመሪያው መስመር መነሻው 2338420፣ መድረሻው 2338070። ሁለተኛው፣ እኔ ራሴ የሣልኩት፣ መነሻው 2338070፣ መድረሻው 0። ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር 0። ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። 2338 ሜትር የአዲስ አበባ ከፍታ ነው! ፋይሉን የሰጠኝ ቀያሽ በቶታል ስቴሽን (በቀያሽ መለኪያ መሣሪያ) ያነሣቸው ነጥቦች ከነከፍታቸው መጥተዋል፤ እኔም ነጥብ እየያዝኩ ስሥል ከፍታውን አብሬ ይዣለሁ። ከላይ ሲያዩት ማዕዘኑ ገጥሟል፤ ከጎን ሲያዩት ግን አንዱ መስመር መሬት ላይ ነው፣ ሌላው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሥዕሉን አዙሬ አየሁት፤ የአትክልቱ ቦታ እንደ ድንኳን ተወጥሯል። ይህን ወሰን የተዘጋ አይደለም ማለቱ ታዲያ ምን ያስወቅሰዋል?

መልስ 16 ፍላተን የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠኝ፤ ሁሉንም ወደ 0 ያወርዳል። መልስ 17 እሱ ኤልቲ በሚባለው ቀለል ያለ እትም ላይ እንደሌለ አስታውሶ አሮጌውን ዘዴ አቀረበ፤ መስመሮቹን ሁሉ መርጦ በዜድ አቅጣጫ ከ1 ኋላ 99 ዜሮ ያለው ርቀት ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ታች መመለስ። ሲመለሱ ሁሉም 0 ላይ ያርፋሉ። ለምን እንደሚሠራም ነገረን፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት አሃዝ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ግዙፍ ቁጥር አጠገብ የእኔ 2338 ሜትር ከምንም አይቆጠርም፣ ተውጦ ይቀራል። እንደ አስማት ያየሁት ነገር የማጠጋጋት ጉድለት ሆኖ አገኘሁት።

መልስ 18 የባሕር ዳሩ ቀያሽ ተመልሶ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቆጣ ብሏል። የእሱን ሙያ ሰዎች ሥራ ባለበት ፋይል ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው የመሬቱን ተዳፋት እየሰረዘ እንደሆነ ይወቅ አለ። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ አውጡ፣ ከፍታው ኋላ ለቆፋሮና ለፍሳሽ ይፈለጋል። ደግሞም ወደፊት ኦስናፕዚን 1 አድርጋችሁ ብትሠሩ ነጥብ ስትይዙ ከፍታው አብሮ አይመጣም ብሎ አስተማረን። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ እኔ ዋናው ፋይል ላይ ልሠራው እጄ ተዘርግቶ ነበርና።

በቅጂው ላይ አወረድኩት። አትክልቱ በአንድ ጠቅታ ሞላ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከሩብ ነበር።

መልስ 19 ከዱባይ የምትጽፍ ድራፍተር ስትሆን ከኤችፒጋፕቶልም ከዜድም በፊት እሷ የምታየው ሌላ እንደሆነ ጠቆመች፤ ውስጡን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ወሰን የሚፈልገው ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ነው፣ ስለዚህ በጣም ያቀረበ ሰው ግማሹ ወሰን ከስክሪን ውጭ ሆኖበት አልተዘጋም ይባላል። አጭርና ጠቃሚ።

መልስ 20 ስለ መኪና ማቆሚያው ነው፤ ጠቡም ከዚህ ጀመረ። ሥዕልህ ከመነሻው ከ0,0 በጣም ርቋል፤ ሁሉንም ምረጥና ወደ 0,0 አምጣው፣ ያልቃል አለኝ። ምርመራው ትክክል ነው። የሳይቱ ማዕዘን በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት) ወደ 473 ሺህ ሜትር ምሥራቅ፣ ወደ 997 ሺህ ሜትር ሰሜን ነው፤ እኔ ደግሞ በ1000 ስላበዛሁት ሰሜኑ 997 ሚሊዮን ሆኗል።

መልስ 21 ቀያሹ ነው። ይህን በምን ቃል እንደምተርከው አላውቅም። ኮኦርዲኔት ማለት የቦታው መታወቂያ ነው፣ በይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ላይ የተጻፈው እሱ ነው፤ ሃች እንዲያምርልህ ብለህ የሰው መሬት ከዞን 37 (አዲስ አበባ ካለችበት የዩቲኤም ዞን) አንሥተህ ባሕር ውስጥ ትጥላለህ ወይ ዓይነት ነገር ነው። መልስ 22 ያው የ20ኛው ሰው፣ ቀያሾች መሬቱን የፈጠሩት ይመስላቸዋል አለ። 23ኛው ምን እንዳለ አታዩትም፤ አወያዩ አጥፍቶታል። 24ኛው አወያዩ ራሱ ነው፣ ሁለቱንም አስጠንቅቋል።

መልስ 25 ያችው የመልስ 6 አርክቴክት ናት፤ ሁለቱም እንዲያፍሩ ያደረገች ይመስለኛል። የንድፉ መስመሮች የሚቆጠሩት ከ0,0 ተነሥተው ነው አለች። እያንዳንዱ ንጣፍ ከዚያ ሩቅ ቦታ ጀምሮ ሲቆጠር ትንሿ የማጠጋጋት ስህተት ሚሊዮን ጊዜ ተባዝታ እዚህ ትደርሳለች። መልስ 17 ላይ ከፍታውን የዋጠልን ጉድለት እዚህ ደግሞ ሃቻችንን የሚሰባብረው ነው። መድኃኒቱ መሬቱን ማንቀሳቀስ ሳይሆን ቆጠራው የሚጀምርበትን ነጥብ ማንቀሳቀስ ነው፤ ኤችፒኦሪጂን ብሎ የሳይቱን አንድ ማዕዘን መጫን። መልስ 26 ደግሞ ለወደፊቱ ቤቱን ለብቻው በ0,0 አጠገብ ሥሎ ሳይት ፕላኑ ውስጥ በኤክስሬፍ (ከውጭ እንደተያያዘ ፋይል) ማስገባት የተሻለ እንደሆነ ጨመረ፤ ቢሮዬ ውስጥ ከዚህ በኋላ እንደዚያ ነው የምሠራው።

መልስ 27 የእኔ ነው። መነሻውን የመግቢያው በር አጠገብ ባለው ችካል ላይ አደረግሁት። ንጣፎቹ ከችካሉ ጀምረው ሙሉ ሙሉ ሆነው ተደረደሩ፣ የተቆረጡት ወደ ኋላው አጥር ሄዱ፤ ሠራተኛውም የሚያነጥፈው እንደዚያው ነው። ቀያሹ በመልስ 28 ችካሉን በመምረጤ አመሰገነኝ። ከእሱ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

29 እና 30 ስለ ተሰረቀ ፕሮግራም ናቸው። አንዱ ችግራችሁ ሁሉ ከተሰበረ ቅጂ ነው አለ። ሌላው አውቶዴስክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የዘለቄታ ፈቃድ መሸጥ እንዳቆመ፣ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለትንሽ ቢሮ ምን ማለት እንደሆነ በምሬት ጻፈ፤ ነፃ የሆነው ሊብሬካድ ለቀላል ሥራ እንደሚበቃውም ተናገረ፣ ንድፎቹ ግን በሌላ ዓይነት ፋይል ስለሚቀመጡ የአውቶካዱን ፓት (የሃች ንድፍ) ፋይል አይቀበልም። ሜዠርመንት 0 መሆኑ ከገዛውም ካልገዛውም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ይህን ጽፌ አለፍኩ።

መልስ 31 ያ የሣሩ ጣሪያ ተማሪ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ሃች አጣሁ፣ ያሉት በኢንች ናቸው አለ። መልስ 32 ጋሼ ናቸው! በኖትፓድ መጻፍ እንደሚቻል ከነቁጥሩ አቀረቡ። የመጀመሪያው መስመር ኮከብ ምልክትና ስም ነው፤ ከዚያ ለ40 በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ በሚሊ ሜትር፦

0, 0,0, 0,200
90, 0,0, 0,400, 200,-200
90, 200,0, 0,400, -200,200

የመጀመሪያው አግድም መገጣጠሚያው ነው። ሁለቱ ቋሚዎቹ ናቸው፤ 200 ይሰመራል፣ 200 ይዘለላል፣ በሚቀጥለው ረድፍ ቦታ ይለዋወጣሉ። የፋይሉ ስምና ከኮከቡ ኋላ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላም ኢንተር መጫን አይረሳም፣ ካልሆነ ያ መስመር አይነበብም።

መልስ 33 ልጁ አልሠራልኝም አለ። መልስ 34 ኖትፓድ ከስሙ ኋላ የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ጨምሮበት እንደሆነ እንዲያይ ነገረው፤ ዊንዶውስ ቅጥያውን ስለሚደብቅ አይታይም። እንደዚያው ሆኖ ተገኘ።

መልስ 35 የእኔ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ከማተሚያ ቤት ሆኜ የጻፍኩት። ሳይት ፕላኑ ከፕሎተሩ ሲወጣ አትክልቱ ባዶ ነው። ስክሪኑ ላይ አለ፣ ወረቀቱ ላይ የለም። ወረፋ የያዙት ከኋላዬ ያጉረመርማሉ። ሌየሩን (የሥዕሉን ንብርብር) ስመለከት ዴፍፖይንትስ ላይ ነው የሣልኩት፤ ሌሊት ረዳት መስመር ልሥልበት ብዬ ከፍቼው ሳልመለስ ቀርቻለሁ። በዚያ ሌየር ላይ ያለ ነገር አይታተምም። ወደ ትክክለኛው ሌየር አዛወርኩት፣ ሁለተኛ ወረቀት ከፈልኩ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ፕላኑ ገባ።

መልስ 36 ዛሬ የገባ አዲስ ሰው ነው። ከላይ ያለውን ምንም ሳያነብ ኮንክሪቱ እንደጠቆረበትና በአስቸኳይ እንደሚፈልገው ጽፏል። ሥዕሉ በሜትር ነው ወይስ በሚሊ ሜትር ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰም።